የጋአስ ዓይን

ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ። ወይስ ሰማንያ ስድስት? የአካባቢው ሰዎች ‹ሱጉም የዘለለን ዓመት› ነው የሚሉት፤ ሱጉም ግን፣ ያ በመጋቢት መጥቶ ሰውንም ግመሉንም የሚያስተነፍሰው ዝናብ፣ ሁለቱንም ዓመት ዘሏቸዋል። ጋአስ አምስት ነው ይላል። ሚስቱ መዲና ስድስት ነው ትላለች። በዚያ ቤት ክርክር ተነሥቶ ጋአስ ሲረታ ያየ ሰው ስለሌለ፣ ስድስት ይሁን።

ጋአስ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው የማይጣላ፣ አስቸጋሪ ግመል አባብሎ የሚያልብ ሰው ነበር። ግመል አላነሰውም፤ ፍየልም አላነሰውም። ያነሰው አንድ ነገር ነው፤ በገዛ ዓይኑ ያየው ወሬ።

ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢቸኩሉም ባይቸኩሉም፣ እጅ ለእጅ ተሳስመው ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። አንዱ ይጠይቃል፦ ዓይንህ ምን አየ? ጆሮህስ ምን ሰማ? ሌላው አንድ ሳያስቀር ይናገራል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። ዳጉ ይሉታል። ዓይን ያየው ‹ዓይኔ አየ› ተብሎ ይነገራል። ጆሮ የሰማው ከነተናጋሪው ስም ይነገራል። ሁለቱን የቀላቀለ፣ ወይም የሚያውቀውን ያስቀረ ሰው፣ የሰፈር ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ፍየል እንደጣለ ነው የሚቆጠረው። መንጋ የሚነሳውም የሚሰፍረውም በዚህ ቃል ስለሆነ።

ጋአስ ዋሽቶ አያውቅም። ግን ዕድሜ ልኩን ‹ጆሮዬ ሰማ› ባይ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ እሱ ማዶ ነው። ነብር ሲገደል ቆዳው ተወጥሮ ከደረቀ በኋላ ይደርሳል። ሰርግ ላይ ደርሶ የሚያገኘው የጨፈሩ ሰዎች ላብ ነው። አባቱን እንኳ የሚያውቀው በወሬ ነበር፤ አባቱ ሲሞት እሱ ገና በእናቱ ሆድ ውስጥ ነበር።

ቦዳያ ግን አባቱን አይቶታል።

ቦዳያ በዕድሜ ስድስት ሰባት ዓመት ይበልጠዋል። ጨው ጭኖ ባቲ ገበያ ይወጣል፤ እህልና ጨርቅ ይዞ ይወርዳል። የሄደበት ሁሉ የሆነ ነገር ይሆናል፤ የሆነው ሁሉ እሱ ባለበት ይሆናል። አንድ ቀን እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ምንም ክፉ ሳያስብ፣ ‹አባትህ ሊስቅ ሲል የግራ ዓይኑ ቀድሞ ይጨፈን ነበር፤ ልክ እንዳንተ› አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ያለቅስ ነበር። ጋአስን ግን ቅናት ያዘው። የአባቱ ፊት በሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱ ለማየት የሰው አፍ ደጅ ይጠናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመሳቅ ሲል ግራ ዓይኑን ይጠብቅ ነበር።

መዲናም ብትሆን ወደ ጋአስ የመጣችው በቦዳያ በኩል አልፋ ነው። የቦዳያ የአክስቱ፣ የአባቱ እህት፣ ልጅ ናት፤ በአገሩ ወግ አብሱማው፣ ለሱ የተወለደች። ቦዳያ ግን ‹ትቻታለሁ፣ የፈለገ ያግባት› ብሎ ለሽማግሌዎቹ ላከ። ለምን እንደተዋት አልተናገረም። ያን የሚያህል ዳጉ በሚንሸራሸርበት አገር ይህ አንድ ነገር ብቻ ማንም አፍ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ጋአስ አገባት። ልጅ ወለዱ፣ ደገሙ። ደግ ሚስት ነበረች። የሚያስቸግረው ምላሷ ብቻ ነው።

‹‹በታችኛው በኩል ዝናብ ጥሏል አሉ፤›› ይላታል።

‹‹ማን አለ?››

‹‹የዑመር ልጅ።››

‹‹እሱስ ከማን ሰማ?››

‹‹ከወንድሙ።››

‹‹ወንድሙስ?››

‹‹እኔ ምን አውቅልሻለሁ?››

‹‹ተወው በቃ። ሦስት አፍ ያለፈ ዝናብ መሬት አያርስም።››

ትስቃለች፤ እሱም ይስቃል። ቀልድ ነው። ግን ቦዳያ ከመንገድ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሲናገር፣ መዲና ወተቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ትሰማዋለች፤ አንድም ቀን ‹ማን አለ?› ብላው አታውቅም። ጋአስ ይህን ይቆጥር ነበር። ሰው የሚቆጥረው ግመል እያለው ይህን ይቆጥር ነበር።

በዚያ ሚያዝያ ሳሩ አለቀ። የፍየሎቹ ወተት ወደ ጠብታ ወረደ። አዛውንቱ ዴቶ፣ በሰፈሩ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው፣ ሰዎቹን ከግራሩ ሥር ሰበሰበ።

‹‹ኡሩሌ ሸለቆን ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤›› አለ። ‹‹ቦዳያ ባቲ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ጋአስ ይሂድ።››

ሃሰና የሚባል ቀልደኛ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ‹‹ጋአስ? ደህና። እንግዲህ እግረ መንገዱን ከማን እንደሰማ ይነግረናል።››

ሰዎቹ ሳቁ። ዴቶ አልሳቀም። ‹‹ዓይን አለው አይደለም? ሄዶ ያያል።››

መዲና ወተት ያለበትን ቅል አስራ ትከሻው ላይ አንጠለጠለችለት። ‹‹ረጥበህ ና፤›› አለችው፤ ቀሚሷን ይዞ የቆመውን ልጃቸውን ገፋ አድርጋ ደግሞ ሳቅ አለች፣ በዚያ በደህናው ሳቋ። ጋአስ የዚያን ቀን እንደሄደው ሄዶ አያውቅም። ድንጋዩ ሁሉ የሱ መሰለው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አንዲት አሮጊት አገኘ። አስያ ትባላለች፤ ምንጣፍና የቤት እንጨት የጫኑ ሁለት አህዮች ትነዳለች። እጇን ሳመ፣ እጁን ሳመችው፣ አንዲት ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጡ።

‹‹ዓይኔ አየ፣ ልጄ፤›› አለች። ‹‹ኡሩሌ ዘንቧል። አላህ የወደደው ዝናብ ነው። ሳሩ ለጥጃ አፍ ደርሷል። ሰው ገና አልሰፈረበትም።››

‹‹ሌላስ፣ እናቴ?››

‹‹የናንተው ቦዳያ እዚያ ነው። ጨዉን ሽጦ ሲመለስ ግመሎቹን ሊያሳርፍ ሰፍሯል። ነገ ጠዋት ይነሳል፤ በተራራው ማዶ፣ በአጭሩ መንገድ ወደናንተ ነው።››

ጋአስ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ።

‹‹ምነው፣ ጥሩ ወሬ ነው እኮ የነገርኩህ!››

‹‹ጥሩ ነው፣ እናቴ።››

‹‹እንግዲያ ሂድና እይ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርሳለህ። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ዓይኔን አትመነው።›› ሳቀችና አህዮቿን አስነስታ ሄደች።

ቁጭ ብሎ ቀረ። አሁን ወደ ኡሩሌ ቢሄድ ሲመሽ ይደርሳል። እዚያ ያድራል። ቦዳያ ጠዋት ተነስቶ በአጭሩ መንገድ ይቀድመዋል። ወይም አብረው ይጓዛሉ፤ ሰፈር ሲደርሱ ግን ዴቶ የሚያስቀምጠው ማንን ነው? ቦዳያን። መዲና ቆማ የምትሰማው ማንን ነው? ቦዳያን። ከዚያ ሃሰና፣ ‹ጋአስስ? ጋአስ ከቦዳያ ሰማ!› ይላል። ይህን ሳቅ ገና ሳይሳቅ ሰማው።

አስያ ውሸታም አይደለችም። ዝናቡ እውነት ነው፤ ሳሩም እውነት ነው። ሰፈሩ ቢነሳ አይጎዳም። የሚለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በጆሮ ፋንታ ዓይን። አህዮቹ ከጉብታው ጀርባ እስኪሰወሩ ጠበቀ። ከዚያ ፊቱን አዞረና በመጣበት መንገድ ላይ ከበፊቱ ፈጥኖ ሄደ።

ሰፈር ሲደርስ ሁሉም መጡ። ዴቶ ግራሩ ሥር አስቀመጠው። እጁን ሳመውና ጠየቀ፦

‹‹ዓይንህ ምን አየ?››

ይህን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ተጠይቋል። እንደዚያ ቀን ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ግን ተጠይቆ አያውቅም።

‹‹ዓይኔ አየ፤›› አለ። ‹‹ኡሩሌ ዘንቧል። ሳሩ ለጥጃ አፍ ደርሷል። ሰው አልሰፈረበትም።››

ከሰዎቹ ኋላ መዲና ምንጣፍ እየሠራች ነበር። እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ ‹ማን አለ?› አላለችም። ያ አስተያየቷ እንደ ትኩስ ወተት ሆዱ ውስጥ ገባ። ቦዳያ በየጊዜው የሚጠጣው ይህንን ነው ለካ፣ አለ በልቡ።

‹‹መንገድ ላይ ማንን አገኘህ?›› አለ ዴቶ፤ ይህም ይጠየቃል።

‹‹ማንንም አላገኘሁም።››

‹‹ውሃውስ?››

አስያ ስለ ውሃው ምንም አላለችም። ግን የኡሩሌ አፈር ቀይ ነው፤ ጎርፍ በወረደ ቁጥር ውሃው ደም ይመስላል፤ ይህን ሕፃን ያውቃል።

‹‹ቀይ ነው፣ እንደ ድሮው፤›› አለ።

‹‹እንግዲያ ነገ እንጭናለን፤›› አለ ዴቶ፤ ሃሰና ሳይቀር ተነስቶ የጋአስን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

ያን ዕለት ማታ መዲና ሳይጠይቃት የመጀመሪያውን ወተት ሰጠችው። ‹‹ሳሩ እንዴት ነው የሚሸተው?›› አለችው። እሱም ነገራት። ስለ አንድ ሳር ይህን ያህል የሚነገር ነገር እንዳለ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ምንጣፎቹ እየተጠቀለሉ፣ የቤት እንጨቱ እየተነቀለ ሳለ የቦዳያ ግመሎች ከተራራው ወረዱ። ዴቶ ሥራውን አስቆመ። ማንም ቢቸኩል ዳጉ ይቀድማል። ቦዳያ ተቀመጠ፤ አቧራውን ከፊቱ ጠረገ።

‹‹ከኡሩሌ ነው የመጣሁት፤›› አለ። ‹‹ዓይኔ አየ፤ ዘንቧል። ሦስት ቀን ሰፈርኩበት።››

‹‹እንግዲያስ ከጋአስ ጋር ተገናኝታችኋል!›› አለ ዴቶ። ‹‹እሱም እዚያ ነበር።››

ቦዳያ ቀና አለና ጋአስን አየው። ረጅም አልነበረም አስተያየቱ፤ ሰው አንድ ጊዜ ውሃ የሚጎነጭበት ያህል ነው። ጋአስ የማይፈታውን ገመድ ይፈታ ጀመር።

‹‹ኡሩሌ ሰፊ ነው፤›› አለ ቦዳያ።

‹‹ውሃው ቀይ ነው ብሎናል። አይደል?›› አለ ዴቶ።

‹‹ከብት የሚጠጣው ውሃ ነው።››

ዴቶ ጥቂት ጠበቀ። ቦዳያ ሌላ አልጨመረም። ዴቶም ተወው፤ ማን ቦዳያን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል?

መዲና ወተት ይዛ መጣች። ለቦዳያ ስትሰጠው ፊቱን አየች፤ ከዚያ ዞር ብላ የባሏን ፊት አየች፤ ከዚያ እንደገና የቦዳያን። ጋአስ በዚያች ሰዓት ሊያመሰግነው ይገባ ነበር። ሰውዬው ቃሉን አጉድሎ አዳነው። እሱ ግን ያየው የመዲናን ዓይን መንገድ ነው፤ ከዚያ ወደዚህ፣ ከዚህ ወደዚያ። ‹ለኔ ብሎ አይደለም› አለ። ‹የባሏን ውርደት እንዳታይ ነው። ለሷ ነው።› ይህ ሐሳብ እንደ እሾህ ገባና እዚያው ተሰበረ። መንገዱን ሁሉ ግመሎቹን ሲነዳ የሚያስበው ስለ ውሸቱ አልነበረም፤ ስለዚያ ዝምታ ነበር።

ኡሩሌ ሲደርሱ ሳሩ እንደተባለው ነበር። ፍየሎቹ እንደ እብድ ገቡበት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ልጆቹ ወደ ውሃው ሮጡ፤ ሮጠው ጮኹ።

ውሃው ጥቁር ነበር። ከላይ፣ ከሸለቆው ራስ፣ በበጋው የተቃጠለ ሳር ነበር፤ ጎርፉ አመዱን ጠርጎ አውርዶታል። ከብቱን አይጎዳም፤ ግን የከሰል ውሃ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ልጆቹ እጃቸውን እየነከሩ እርስ በርስ ፊታቸውን ይቀባባሉ።

ሃሰና ጎንበስ ብሎ እፍኝ ጨለፈ። ለጋአስ ወደ ዓይኑ አስጠጋለት።

‹‹ወንድሜ፣ ይሄ ነው ቀዩ?››

ማንም አልሳቀም። ይህ ከሳቅ የባሰ ነበር።

ዴቶ ከብቱ እስኪጠጣ ጠበቀ። ከዚያ ሁለቱንም፣ ጋአስንና አብሯቸው የመጣውን ቦዳያን፣ አስቀመጠ፤ ሰፈሩ ከበበ።

‹‹አንተ እዚህ አልደረስክም፤›› አለው ጋአስን።

‹‹አልደረስኩም። ጆሮዬ ነው የሰማው። አስያ ናት የነገረችኝ፤ መንገድ ላይ።››

‹‹ለምን ዓይኔ አየ አልክ?››

ጋአስ መሬቱን አየ። ‹‹ቦዳያ እንዳይቀድመኝ።››

አንድ ሰው ‹‹ኤዲያ!›› አለ። ዴቶ እጁን አነሳና ዝም አሰኘ።

‹‹አንተስ፣ ቦዳያ? አንተ ሦስት ቀን ይህን ውሃ አይተሃል። ጠየቅሁህ። የሰው ፊት አይተህ አስቀረህ።››

‹‹አስቀርቻለሁ።››

‹‹አባትህ ቢሰማ ምን ይልሃል? ለምን?››

ቦዳያ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ዴቶ ደገመ፤ ‹‹ለምን?››

‹‹ፍርዱን ስጠኝ፣ አባቴ፤›› አለ ቦዳያ። ‹‹ፍርዱን እቀበላለሁ። ይህን ግን አትጠይቀኝ።››

ፍርዱ ለሁለቱም እኩል ሆነ። እያንዳንዳቸው አንድ ሙክት ለሰፈሩ ያርዳሉ። ሁለተኛ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ከሁለቱ አፍ የወጣ ነገር የሌላ ሰው አፍ ካልደገፈው አይያዝም። ጋአስ ይህን ፍርድ ሲሰማ ብዙም አልከበደውም፤ ድሮም እንዲሁ ነበር የኖረው። ቦዳያ ግን አቀርቅሮ ተነሳ፤ ጋአስ ያን አንገት አቀርቅሮ አይቶት አያውቅም።

ምሽቱን ሥጋው ሲበላ ጋአስ አንድ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ። ይኸው አሁን እኩል ሆኑ። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ይህን አልነበረም እንዴ? ቦዳያ አጥንቱን እያዞረ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ‹‹ባቲ ላይ ማሽላ ረክሷል፤›› አለ።

‹‹ማን አለ?›› አለ ሃሰና ወዲያው፤ በመዲና አነጋገር፣ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ።

ሰዎቹ ፈነዱ። ቦዳያም ፈገግ ለማለት ሞከረ። መዲና ብቻ አልሳቀችም። የያዘችውን ዕቃ አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ገባች፤ ጋአስ ጀርባዋ እስኪሰወር በዓይኑ ተከተላት። እኩልነቱም እንደ ባዶ ቅል ሆነበት።

ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ልጆቹ ተኝተዋል።

‹‹ለምን ዝም አለ?›› አላት።

‹‹ማን?››

‹‹ታውቂያለሽ ማን እንደሆነ።››

‹‹እሱን ጠይቀው።››

‹‹አንቺ ታውቂዋለሽ። የአጎትሽ ልጅ ነው። ከኔ ይልቅ…››

‹‹ከአንተ ይልቅ ምን? ጨርሰው።››

ጋአስ የምንጣፉን ዳር ይነቅል ጀመር።

‹‹እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ጋአስ፤›› አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ‹‹እገምታለሁ። ግምቴን ብነግርህ ደግሞ ይዘኸው ትዞራለህ፤ ‹መዲና አለች› ብለህ ሌሊት ለራስህ ታወራዋለህ፤ ሲነጋ አንተው ራስህ ያየኸው ይመስልሃል። አሥር ዓመት አብሬህ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር እንኳ ከባለቤቱ አፍ ስማ እባክህ። ሂድና ጠይቀው።››

‹‹ለኔ ይሁን ላንቺ…››

‹‹ጠይቀው አልኩህ!››

ሲነጋ ተነሳ። ቀጥታ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ግመሎቹን አለበ። ከዚያ በአንዷ እግር ላይ እሾህ አየ። እንዴት ብሎ እንደሚጀምር ያስብ ነበር። ‹ወንድሜ› ይበለው? ወንድሜ ብሎት አያውቅም። ‹አመሰግንሃለሁ› ብሎ ቢጀምር፣ ያኛው ‹ለአንተ ማን አደረገው› ቢለውስ? ይህን መልስ ከመስማት ያልጠየቀ ሰው ሆኖ መኖር አይሻልም? እሾሁ ወጣ። ሌላ ሥራ አጣ።

ቦዳያ ያደረበት ቦታ ላይ ሲደርስ አመድ ብቻ አገኘ። ሃሰና ከአጠገቡ ጥርሱን እየፋቀ ነበር።

‹‹ሄደ፤›› አለ ሃሰና። ‹‹ዓይኔ አየ፣ አትስጋ። ወደ ጨው አገር ነው። ቶሎ አልመለስም አለ፤ ይህን ደግሞ ጆሮዬ ነው የሰማው፣ ከራሱ።›› ከዚያ፣ እንደ ማዘን ብሎ፣ ‹‹ከሮጥክ ትደርስበታለህ።››

ጋአስ ሮጠ። ሸለቆውን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲወጣ የግመሎቹን ሰልፍ አየ፤ ሩቅ አልነበሩም፤ ቢጣራ ይሰማ ነበር። አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ከግራ በኩል ሁለት መንገደኞች ብቅ አሉ፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ፣ ፍየል የሚነዱ። ሽማግሌው እጁን ዘረጋ። እጅ የዘረጋን ሽማግሌ አልፎ የሚሮጥ ሰው በዚያ አገር አልተወለደም፤ ትናንት የተፈረደበት ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ አይችልም።

‹‹እቸኩላለሁ፣ አባቴ፤›› አለ፤ እጁን እየሳመ።

‹‹ሁሉም ይቸኩላል፤›› አለ ሽማግሌው፤ ቀድሞ ተቀመጠ። ‹‹እዚያ የሚሄደው ማን ነው?››

‹‹ቦዳያ ነው።››

‹‹የጨዉ ቦዳያ? እሰይ! የሱ ቃል የታመነ ነው። ጠርተነው እንጠይቀው ይሆን?››

ጎልማሳው ተነስቶ ወደ ሰልፉ አቅጣጫ ተመለከተ። ‹‹እኔ ልድረስበትና መልእክት ካለህ ላድርስልህ። እግሬ ፈጣን ነው፤›› አለው ጋአስን። ‹‹ምን ልበለው?››

ጋአስ የጎልማሳውን አፍ አየ። ደህና አፍ ነበር፤ ጥርሱ የነጣ፣ ታማኝ ሊሆን የሚችል። ያን ጥያቄ እዚያ አፍ ውስጥ ሊያስቀምጠው ሞከረ፤ ከዚያም በተመለሰ ጊዜ ‹ቦዳያ እንዲህ አለ› ሲለው ሊሰማው ሞከረ፤ ከባለቤቱ አፍ አይሆንም።

‹‹ምንም፤›› አለ፤ ‹‹ተቀመጥ።››

ተቀመጡ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ ከሩቁ ጀመረ፤ ስለ አንድ የሞተ ሰው፣ ስለ አንድ የተወለደ ልጅ፣ ስለ ጉድጓድ። ጋአስ እንደ ደንቡ በየመሐሉ ‹‹እህ›› ይላል። በሽማግሌው ትከሻ ላይ አሻግሮ፣ የመጀመሪያው ግመል ጉብታውን ሲወጣ፣ ሁለተኛው ሲከተል፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ በትሩን ትከሻው ላይ ያጋደመው ሰው ዞር ሳይል ወደ ማዶ ሲወርድ አየ።